ባለ ሰፊ እግር ደንበኞቼ

አባ ቢያ ጫማ ቤት ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ቤቱ ጅማ፣ በቾ ቦሬ፣ ከወፍጮ ቤት ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ወፍጮው ሲነሳ መዶሻችን አይሰማም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ልብስ ስፌት ተምሬያለሁ፤ ቆዳ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም።

አባ ቢያ መቀመጫ ሳይሰጡኝ ሦስት ነገር ነገሩኝ። "ቢላ በስለቱ አይቀበሉም። ማስቲሽ ክፍት አይተዉም። የደንበኛ እግር ደግሞ ከዚህ በር አይወጣም።" ሦስተኛው አልገባኝም። አዲስ ሠራተኛ ያልገባውን እንደሚያደርገው "እሺ አባ ቢያ" አልኩ።

ሁለት ሠራተኞች ነበርን። ልክ መውሰድ፣ ቆዳ መቁረጥና ሶል መምታት የእሳቸው ነው። የእኔ ሥራ የላይኛውን ቆዳና ገበሩን በእግር መኪና መስፋት ነበር።

ረፋዱ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ክራቫት ያሰሩና ጥላ የያዙ ሰው ገቡ። ከአባ ቢያ ጋር ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ከዚያ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። ከውስጥ የወጣው እግር አልነበረም። ንጹሕ፣ የተወለወለ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ ኮቴ ነበር።

ክው አልኩ። ወዲያው ደግሞ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ቀና ብዬ ጣራውን ማየት ጀመርኩ። የቆርቆሮውን ምስማር አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሰውየው "እንደምን ነሽ ልጄ" ሲሉኝ "ደኅና" ያልኩት ለምስማሩ ነው። ልካቸውን ሰጥተው በጊዜ ወጡ።

አባ ቢያ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አዩኝ።

"እግራቸውን አየሽ?"

"ኧረ እኔ ምንም አላየሁም።"

"ችግሩ እሱ ነዋ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጫማ ቤት ተቀምጠሽ እግር የማታዪ ከሆነ፣ ማየትሽን ማን ያጣዋል? ሥጋ ቤት ገብቶ ሥጋ የማያይ አለ? ሰውየው አፍረው ነው የሄዱት። ያፈረ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም።"

"ጂኒ ናቸው?" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"አስተግፍሩላህ። ደንበኛ ናቸው። ክራቫት አስረው፣ ጥላ ይዘው፣ ሰው ነኝ ብለው መጡ። ይህን ሁሉ የለፉት እኛ እንድናምናቸው ነው። ብናምናቸው ምን ይጎድልብናል?"

ሙያውን የተማርኩት እንዲህ ነው። ደንበኛው ወረቀት ላይ ይቆማል፤ እርሳሱ ቀጥ ብሎ የእግሩን ዙሪያ ይዞራል። የሰው እግር ሲሆን ጣትና ተረከዝ ያለው ሥዕል ይወጣል፤ የእነሱ፣ የባለ ኮቴዎቹ፣ ሲሆን ክብ ነገር። መዝገቡ ላይ "ሰፊ እግር" ብለን እንጽፋለን፤ ሌላ ቃል የለም። ጫማው ከውጭ ሲታይ የማንም ሰው ጫማ ነው፤ ግራና ቀኝ አለው፣ ክር አለው። ከውስጡ ግን ኮቴው የሚያርፍበት ከቆዳና ከስፖንጅ የምንሠራው ነገር አለ። ጎጆ እንለዋለን። ኮቴ ግራና ቀኝ ስለሌለው ሁለቱንም ጎጆ የምንወጥረው በግራው ፎርማ ነው፤ ፎርማ ማለት ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት እግር ነው። ቀኙ ፎርማ ለጎጆ ሥራ ከመደርደሪያ አይወርድም ነበር። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ከእጅ ሥራው ይልቅ የከበደኝ የፊቱ ሥራ ነው። እግሩን አይቶ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ዓይን ለዓይን እየተያዩ "እግርዎ ሰፋ ይላል፤ አዲስ ጫማ መጀመሪያ ይይዝዎታል" ማለት ያስፈልጋል። ለሁሉም ደንበኛ የምንለው ነውና ለእነሱም ይባላል። እኔ እዚህ ላይ ሳቄ ይመጣል፣ ወይም ድምፄ ይቀጥናል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት የወፍጮ ቤቱን ሙክት ወረቀት ላይ እያቆምኩ ተለማመድኩ። "እግርዎ ሰፋ ይላል ጌታዬ" እያልኩት ሳለ የወፍጮው ባለቤት ከበራፉ ላይ ቆሞ አየኝ። ደግ ጎረቤት ስለሆነ እንዳላየ ሆኖ ገባ።

ሌላ ዓይነትም አሉ። እነዚህ እግራቸው እንደ እኛው ነው፤ የሚታወቁት በሶላቸው ነው። ሁለት ዓመት የተጫሙት ጫማ ሶሉ አዲስ ሆኖ ከመጣ፣ ባለቤቱ መሬት አይነካም ማለት ነው።

ጋሽ መንገሻ የሰፈራችን ሰው፣ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ነበሩ። ለቅሷቸው ላይ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ፤ ንፍሮ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በወሩ ጫማቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ገቡ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተነሥቼ ሰላም አልኳቸው።

"እዚህ ሰፈር አንድ ሰው ሞተ ሲሉ ሰማሁ" አሉኝ ሲቀመጡ።

"አዎ። ነፍስ ይማር።"

"ሰው መጣ?"

"ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው ደጅ ቆሞ ዋለ።"

"በዚያ ዝናብ?"

"በዚያ ዝናብ።"

የጋዜጣውን ጥቅል ጭናቸው ላይ አኖሩ። "ያ ያኮረፈው ወንድሙስ?"

"ከሁሉ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ወንድምየው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያለቀሰውም በልክ ነው። የቀረውን እኔ ጨመርኩበት። ጋሽ መንገሻ ፊታቸው ፈካ፤ "ጥሩ ሰው ነበር ማለት ነው" ብለው ጫማውን ረስተው ወጡ። ጫማው እስከ ዛሬ ሱቁ መደርደሪያ ላይ አለ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ቤዛ ናት። ቤዛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ባለፈው ክረምት እኛ ዘንድ ሰንብታ ቀኑን ሙሉ በስልኳ ማንጋ የሚሉትን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ታነብ ነበር። የሚያስፈራውን ዓይነት። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"መናፍስት እንደ ተራ ሰው ለብሰው ሰው መሐል ይዞራሉ" አለችኝ። "አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ ሱቅ ይሰለፋሉ። የሚያያቸው ሰው ካለ እንዳላየ መሆን አለበት።"

"ካወቁበትስ?"

"አለቀለት በቃ።"

ሥዕሉን አሳየችኝ። መናፍስቱን የሚያየው ልጅ ዓይኑን ወደ መስኮት ሰቅሎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ላቡ ጠብ ይላል። "ይሄማ ጣራ ማየት ነው" አልኳት። "እዚህ ጅማ ቢሆን ገና ድሮ ታውቆበታል። ሰላም የማይለው ለምንድን ነው? አጠገቡ ቁጭ ብለው ሰላም ካላላቸው፣ ወይ ተጣልቷል ወይ አይቷል።"

"አክስቴ፣ ሲሪየስ አትሁኚ። ፊክሽን እኮ ነው።"

"የእኔ ፊክሽን አይደለም" አልኩና ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ግን "ጻፊው" አለችኝ።

አባ ቢያ ዓይናቸው ሲደክም መቀሱንና መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የሌለ እስኪመስለኝ ድረስ አለቀስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ልክ የምወስደው፣ የምቆርጠውም የምሰፋውም እኔው ሆንኩ።

አቶ ለማ የድሮ ደንበኛችን ናቸው። ሊሙ ገነት ቡና መዛኝ ሆነው ይሠራሉ። ሚዛናቸው አያዳላም ስለሚባል ገበሬው እሳቸውን ፍለጋ ይሰለፋል። ሰፊ እግር ናቸው። አንድ ቀን ጫማ ሳያስጠግኑ፣ ልክ ሳይሰጡ፣ ዝም ብለው መጥተው ተቀመጡ።

"ወይዘሮ ወይንሸት፣ ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ።"

"እንኳን ደስ አለዎት።"

"ለጎረቤቴ ልጅ ነው። ሐጂ ሙስጠፋ ዘንድ ልጅ ልንጠይቅ። ሐጂ ቤት ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው።"

ገባኝ። ምንጣፍ ያለበት ቤት በጫማ አይገባም። አቶ ለማ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከደጅ ቆመው ተሳልመው ነው የሚመለሱት። የሰው ቤት ሲጠሩ ሥራ አለብኝ ይላሉ። ልጅ ሊጠይቅ የተላከ ሽማግሌ ግን በር ላይ ቆሞ ሥራ አለብኝ አይልም።

"አልችልም ብላቸውስ ብዬ አሰብኩ" አሉ ኮፍያቸውን እያሻሹ። "ልጁ ግን አባቱ ሞቷል። 'ከጋሼ ለማ በቀር ማን አለኝ' አለ። ከዚህ በፊት የነበርኩበት አገር ጫማዬ ለቅሶ ቤት ወልቆብኝ ያውቃል። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። በማግስቱ ግን ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ሦስት ቀን ጠብቄ ዕቃዬን ጫንኩ። ሊሙ ገነት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ደግሜ ዕቃ መጫን አልፈልግም።"

አንጀቴን በሉት። የእግራቸውን ነገር አፍ አውጥተን ተነጋግረን አናውቅም፤ አሁንም አልተነጋገርንም። "ካልሲ የሚያምርበት እግር እንሥራ እንዴ?" አልኩ።

"እንዴት ያለ?"

"ባለ አምስት ጣት።"

ሠርቼው የማላውቀው ሥራ ነበር። ቀጭን የበግ ቆዳ ነክሬ አለሰለስኩ፣ ፎርማ ላይ ወጠርኩ፣ ጥላ ሥር አደረቅሁ። ውስጡን በስፖንጅ ሞልቼ ኮቴ የሚገባበት ጎጆ ተውኩለት። ጣቶቹን ለብቻ ሰፍቼ ቀጠልኳቸው። ለጣት ሞዴል ያደረግሁት ባለቤቴን ታምሩን ነው። ኳስ እያየ እግሩን ይዤ በሜትር ስለካው ቆየሁ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"የደንበኛ ሥራ ነው።"

"ደንበኛው የእኔን እግር ምን ያደርግለታል?"

"አማረው።"

ታምሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፍሩን በየሳምንቱ ይቆርጣል። እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ እንግዳ ማነጋገርም ለምዷል።

አቶ ለማ ቅዳሜ መጥተው ዕቃውን በካርቶን ወሰዱ። ቀጠሮው እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ካልሲ ሁለት ሁለት እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። በሥራዬ ኮራሁ፤ ያን ቀን ምሳ የበላሁት እያፏጨሁ ነው።

እሑድ ጠዋት የተረፈ ሥራ ልጨርስ ሱቁን ከፍቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ኮፍያ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ። ካረፉ ሦስት ዓመት የሆናቸው አባ ቢያ ናቸው።

እልል ልል፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግሁ። ሙያው ግን ሙያ ነው። ተነሣሁና "እንደምን አደሩ፣ ይቀመጡ፤ ጫማ ሊያሠሩ ነው?" አልኳቸው።

"ኤጋ፣ እንግዲህ ዝም ብዬ ሳልፍ ነው" አሉ። ተቀመጡ። መጀመሪያ የማስቲሹን ቆርቆሮ አዩ፤ ክፍት ነበር፣ ቶሎ ገጠምኩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያው አነሡና እዚያው ላይ ተዉት። "ያ ፎርማ አቧራ ለብሷል" አሉ። "ቀኝ ነው አይደል?"

ዞሬ አየሁ። ቀኙ ፎርማ ከወር በፊት ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ግራው ብቻ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። እጄ ሃያ ዓመት በለመደው ሄዶ፣ ኮቴ የሚገባበት ነገር ሁሉ ጎጆ መስሎት፣ ሁለቱንም እግር በግራው ወጥሯል። ለአቶ ለማ ሁለት ግራ እግር ሰጥቻቸዋለሁ። ካልሲ ደግሞ አውራ ጣት አይደብቅም።

መለስ ስል አባ ቢያ ወጥተዋል። ስልክ ደወልኩ፤ አቶ ለማ ጥሪ አይቀበሉም። ሱቁን ቆልፌ በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሊሙ ገነት ገሰገስኩ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አቶ ለማ ዳግም ዕቃቸውን ሲጭኑ።

ሐጂ ሙስጠፋ ግቢ ስደርስ ከማጀት በኩል አንዲት ሴት፣ የልጅቱ አክስት፣ አየችኝና "ዘገየሽ" ብላ ቢላና ሽንኩርት ሰጠችኝ። የማን ወገን እንደሆንኩ አልጠየቀችም። ቢላውን በእጀታው ተቀበልኩ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ የሳሎኑ በር ይታየኛል።

ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው ገቡ። አቶ ለማ መጨረሻ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ አካሄዳቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሁለት ግራ እንደሆነ አውቀዋል ማለት ነው፤ አውቀውም መጥተዋል። ሽንኩርቱን ትቼ ልነሣ ስል ሐጂ ሙስጠፋ በሩ ላይ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ኦል ሴና፣ ግቡ፣ ግቡ። ጫማ እንዳታወልቁ። ዋላሂ ማንም አያወልቅም። ምንጣፉን አሳጥበነው ገና አልደረቀም፤ ሲሚንቶው ይበርዳችኋል።"

አንዱ ሽማግሌ በልማድ ጎንበስ ብለው ክራቸውን መፍታት ጀምረው ነበር። ጎናቸው ያሉት በክርን ነካ አደረጓቸው፤ ክሩን መልሰው አሰሩ። አምስቱም በጫማ ገቡ።

ምንጣፉ ከኋላዬ ተጠቅልሎ ማጀቱ ግድግዳ ላይ ቆሟል። እጄን ሰድጄ ነካሁት። ደረቅ ነው፤ አቧራውም አልተራገፈም።

"ይሄ አልታጠበም እኮ" አልኳት አክስትየዋን።

"አልታጠበም።"

"ታዲያ?"

"አቶ ለማ እግራቸውን ያማቸዋል" አለችኝ ሽንኩርቷን ሳትተው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጡ ጀምሮ። አሥራ ሁለት ዓመት።" ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ፤ ልክ አባ ቢያ በመጀመሪያው ቀን እንዳዩኝ። ከዚያ ወጡን እንዳማስል ነገረችኝ።

ደስ አለኝ፣ አለቀስኩም፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ። እውነቱን ልናገርና ትንሽም ቀናሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ሙያ የእኔና የአባ ቢያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ከተማ ሙሉ ያለ አስተማሪ፣ ሙክት ሳያቆም ተምሮታል።

ልጅቷ ተፈቀደች። እኔ አቶ ለማ ሳያዩኝ በማጀት በር ወጥቼ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ካርቶኑን ይዘው መጡ። እንደዚያ ተደስተው አይቻቸው አላውቅም።

"ማንም አላወቀም" አሉኝ። "ፈጣሪ ረዳኝ፣ ምንጣፉ ታጥቦ ገና አልደረቀም ነበር።"

"እሰይ" አልኩ። "በክረምት ምንጣፍ ቶሎ አይደርቅም።"

"ግን ወይዘሮ ወይንሸት፣ ሁለቱም ግራ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ሲስበኝ ዋለ።"

"ካወቁ ለምን ሄዱ?"

"ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛላ።"

ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ቀኙን በቀኙ ፎርማ ሠራሁላቸው። እስከ ዛሬ አላደረጉትም። ከዚያ ወዲህ ሊሙ ገነት ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ምንጣፍ ይታጠባል አሉ። እኔም ለአቶ ለማ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም።

አምና ሱቁን ለሌላ አስረክቤ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ለሙያው አዲስ የሆናችሁ፣ እግር ስትለኩ ጣራ አትዩ። ሰላም በሉ፣ ልኩን ጻፉ፣ "ሰፋ ይላል" በሉ። ቆዳ ከመወጠራችሁ በፊት ደግሞ ፎርማው ግራ ይሁን ቀኝ ሁለት ጊዜ እዩ።